ባዶውን የወጣው ጽዋ

ባለፈው ጥቅምት ሃያ አንድ የጎረቤቴ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰና ጠራችኝ፤ ሄድኩ። የማኅበሩ አባል አይደለሁም፤ ጥግ ይዞ መቀመጥ ግን እችልበታለሁ። ጸሎቱ አልቆ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው አንድ ሁለት ካለ በኋላ ከቤቱ ልጆች አንዱ ቴሌቪዥኑን ከፈተው። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ከተማ የነዋሪውን የሽንት ቤት ፍሳሽ ያጠራቅማል፤ ከዚያ የሚወጣውን ጋዝ ሽታውንና የማይነደውን ነገር አጣርቶ፣ ከምድር ሥር እንደሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ አድርጎ በቧንቧ ወደየቤቱ ይልካል። አውቶቡስም ይነዳበታል። አንዲት ሴትዮ በዚያው ጋዝ እንቁላል ስትጠብስ አሳዩን።

ወይዘሮ አልጋነሽ የማኅበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ "ወይ ጥበብ! ሰው ተማረ ማለት እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ።

የያዝኩትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለስኩት። እንዲህ ያሉት ሌላ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ዝም ብዬ እበላ ነበር።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ሌላው በሚጨርስበት ዕድሜ ነው። እብናት አካባቢ በልጅነቴ ተድሬ፣ ትዳሩ አልሆን ሲለኝ ጥዬ ደብረ ታቦር የእናቴ እኅት ቤት ገባሁ። እቴቴ ማንጠግቦሽ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ በሁለት ላሞችና በጓሮ ድንቿ የምትተዳደር ሴት ነበረች። "ከኔ ዘንድ የምትቀመጭ ከሆነ ፊደል ትቆጥሪያለሽ፤ ሌላ ኪራይ የለብሽም" አለችኝ። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ታናሽ እኅቴን ከሚያክሉ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ተንኮላቸው ባይቀርም መጽሐፉ ያስረሳኝ ነበር።

ያላስረሳኝ እንጨት ነው። የጉና ተራራ ብርድ ገና ከሜዳው ሳይነሳ ወደ ባሕር ዛፉ ወጥቼ ጭራሮና ቅጠል ለቅሜ እስክመለስ የጠዋቱ ክፍል ይጋመሳል። ርዕሰ መምህሩ፣ "ከእንግዲህ ብትቀሪ ስምሽ ይሰረዛል" ብለውኝ ነበር። እቴቴ እኔን አስቀርታ ራሷ እንዳትሄድ፣ ጭስ ዓይኗን ጎድቶት እንደ ልቧ መሄድ አትችልም ነበር። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ወይ እንጨት፣ ወይ ትምህርት።

በዚያ ዓመት ባዮጋዝ የሚሉት ነገር ወደ ሰፈራችን መጣ። ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል፤ እበት በውኃ ተበጥብጦ ይገባበታል፤ ታፍኖ ሲቆይ የሚነድ ጋዝ ይሰጣል። ግንበኛው ታከለ ሁለቱን ላሞች አየና ራሱን ነቀነቀ። "እትዬ፣ የነዚህ እበት ብቻውን ቡና ያፈላ ይሆናል እንጂ ወጥ አያበስልም። ሽንት ቤቱን በቧንቧ እንቀጥልበት።" እቴቴ ወደኔ ዞረች። ሰውዬው የሰጠንን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤው ስለነበር፣ "ይሁን፣ እቴቴ" አልኳት። ተቀጠለ።

የመጀመሪያው ነበልባል ሲነሳ እቴቴ እጇን አስጠግታ፣ "ጭሱስ የት ሄደ?" አለች። ሰማያዊ፣ ዝም ያለ እሳት ነበር። አንድ የሚያናድድ ነገር ነበረው፦ ምድጃውን የሠሩት ሰዎች ምጣድ የሚባል ነገር መኖሩን የነገራቸው አልነበረም መሰለኝ፣ እንጀራ አይጋገርበትም። አንዲት ሴት ቢጠይቁ ምን ነበረበት! ቢሆንም ወጡና ሻዩ በሱ ሆነ፤ ለእንጀራው እንጨት ቅዳሜ ቅዳሜ እለቅማለሁ፤ በሌላው ቀን የስም ጥሪ ሲጀመር "አቤት" እላለሁ።

የኅዳር ጽዮን በዚሁ የማርያም ማኅበር የእቴቴ ተራ ነበረች። ወሩን ሙሉ ጽዋው እቤታችን ሰንብቷል። ጾም ስለነበር ምስርና ድንች ወጥ ተሠራ፤ የድንቹ ሽታ ከበርበሬው ጋር እስከ አጥሩ ይደርሳል። ሰዉ ተሰብስቦ ዳቦው ከተባረከ በኋላ ወይዘሮ አልጋነሽ ሊያግዙን ጓዳ ገቡ። ዓይናቸው ድስቱ ሥር ቀረ።

"ማንጠግቦሽ፣ ይኸ እሳት ከየት ነው የሚመጣ?"

"ከጓሮ፣ ከጉድጓዱ።"

"ከሽንት ቤቱ ጋር ከተያያዘው?"

"ታዲያ ሌላ ጉድጓድ አለኝ? ሲቆፈር ያለፈ ያገደመ ሁሉ አይቶታል።"

ወይዘሮ አልጋነሽ ወደ እልፍኝ ተመለሱና፣ "እናንተ ሆይ፣ እጃችሁን ሰብስቡ! የጣልነውን መልሳ ልታበላን ነው!" አሉ።

አንዱ ሽማግሌ፣ "እኔስ ትናንት ሽንብራ በልቼ በዚህ ጓሮ አልፌ ነበር፤ እሳቱ የበረታው ለካ በኔ ነው!" ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ከቁጣው ይልቅ ያ ሳቅ አንገበገበኝ። እቴቴ ጭልፋውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን አፌ ዝም አልል አለኝ።

"እትዬ አልጋነሽ፣ እርስዎ ቤት ወጥ በምን ይበስላል?"

"በኩበት ነዋ!"

"ኩበቱስ ከየት ወጣ?"

"ከላም! ላም ኃጢአት አለባት? ላም ትዋሻለች? ያንቺን መጽሐፍ የጻፈው ሰው እንደ ላም ንጹሕ ነው?" እንደገና ሳቁ። "ትምህርት ቤት ሰደድንሽ፣ ሽንት ቤቱን ጓዳ አገባሽው!"

ወደ ማኅበሩ ቄስ ዞርኩ። "አባቴ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ወጡ ድስት ውስጥ ነው፤ የነካው ነገር የለም።"

ቄሱ ጺማቸውን ደጋግመው ዳበሱ። "ነገሩ ቢጣራ ይሻላል" አሉ። አትብሉ አላሉም፣ ብሉም አላሉም፤ መስቀላቸውን አንስተው ወጡ። ሌላው ተከተላቸው።

የሚቀጥለው ወር ተረኛ ወይዘሮ አልጋነሽ ነበሩ። በወጉ ጽዋው ተባርኮ፣ ተጠጥቶ፣ በእልልታ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሸኛል። እሳቸው ግን ጠላውን ወደ እንስራው ገለበጡና ባዶውን በነጠላ ሸፍነው ይዘውት ሄዱ። እልል ያለ የለም። እኔና እቴቴ ወጡን ተሸክመን ቤተ ክርስቲያኑ በር ለተቀመጡት የኔ ቢጤዎች አደረስን። ጠርገው በሉት፤ መረቁንም።

በማግስቱ ቄሱ መጡ። "ማንጠግቦሽ፣ ቧንቧውን ድፈኝና ጠበል ይረጭበት። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ቦታሽም ይጠበቅልሻል።"

እቴቴ እበት እየበጠበጠች ስለነበር እጇ እስከ ክርኗ አረንጓዴ ሆኗል። ለአንዲት ልጅ አልባ ሴት ማኅበር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳም፦ እኅቷም፣ ልጇም፣ ስትታመም ውኃ የሚያቀብላትም እነሱ ነበሩ። ቧንቧው ከተደፈነ ደግሞ እሳቱ ቡና ከማፍላት አያልፍም። ሁላችንም እናውቀዋለን።

ቄሱ ከሄዱ በኋላ፣ "ነገ ጠዋት እንጨት ልውጣ?" አልኳት።

እበቱን አማስላ ጨረሰች። ከዚያ፣ "ደብተርሽን ያዢ" አለችኝ። "እሳቴን ማርያም ታውቀዋለች።"

ከዚያ ወዲያ ጽዋው እቤታችን አልገባም። እቴቴ በየወሩ ሃያ አንድ ቀን በዚያው እሳት ወጥ እየሠራች ለየኔ ቢጤዎቹ ትወስድ ነበር። የማኅበሩ ሴቶች መንገድ ላይ "እንደምን አደርሽ" ይሏታል፤ ሰላምታው አልቀረባትም፤ ቤቷ መግባት ነው የቀረው። እኔ ተማርኩ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ ያዝኩ፤ ከእቴቴ ቤት ግን እስከ ዛሬ አልወጣሁም። እሷ ስትሞት ሁሉም መጥተው ደረት መቱላት። ወይዘሮ አልጋነሽ ከሁሉ አብልጠው አለቀሱ።

እና አሁን፣ "ወይ ጥበብ!"

አላወቁም ነበር ብዬ አልቆጣም፤ ያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር? የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። የባሕር ማዶዋ ሴትዮ እንቁላሏን ስትጠብስ "ነገሩ ይጣራ" ያለ አንድ ሰው አልነበረም። የማናውቃትን ወዲያው አመንናት፤ ስትታመሙ ያስታመመቻችሁን ማንጠግቦሽን ግን ባዶ ጽዋ ይዛችሁባት ወጣችሁ።

ይህን ሁሉ አልተናገርኩትም። ግን ጽዋው ሊሸኝ ሲነሳ ወይዘሮ አልጋነሽ ራሳቸው የመናገሪያ በር ከፈቱልኝ። "አንቺስ ማኅበሩን ለምን አትገቢም፣ የሻረግ? የማንጠግቦሽ ቦታ እንደሆን ክፍት ነው።"

"መጀመሪያ የቀረ ተራ አለ፣ እትዬ" አልኩ። "እቴቴ የኅዳር ጽዮኗን ተራ አላወጣችም፤ ጽዋው ሳይጠጣ ነው የወጣው። የምትፈልጉኝ ከሆነ በመጪው ኅዳር ጽዮን እዚያው ቤት ኑ። ምስርና ድንች ነው። ቧንቧው እንደተቀጠለ ነው።"

ቴሌቪዥኑ ወደ ኳስ ዞሯል።

"ይኸን ሁሉ ዘመን አልረሳሽውም?" አሉኝ ወይዘሮ አልጋነሽ።

"አልረሳሁም።"

ይምጡ አይምጡ አላውቅም። ምስሩን ግን ለቅሜ አስቀምጫለሁ። የመጡ እንደሆነ የጓዳውን በር ገርበብ አላደርገውም፤ ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ነበልባሉን እያዩ ድስቱን እጥዳለሁ።