አራት ሜትር ከሰማንያ

ገበያው «እትዬ ዳንቴል» ይላቸዋል፤ ዕድሜያቸው ስድሳ አንድ ነው። ከልብስ ሰፊዎቹ ተርታ ባለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል የጠረጴዛ ልብስ ቆርጠው ጠርዙን በኪሮሽ ይሠራሉ። ደንበኛ ሲመጣ የጠረጴዛውን ርዝመትና ወርድ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱን ደምረው በሁለት ያባዛሉ፤ የሚፈለገው የዳንቴል ልክ ይኸው ነው። ስሌቱን ለአንዲት ልጃቸው ያስተማሯት ገና በሰባት ዓመቷ ነበር። ልጅቷ አካሄዷን ልታስረዳ ስትጀምር፣ «ዝርዝሩን ተይው፤ መልሱን ብቻ ንገሪኝ፣ ሰው ቆሟል» ይሏት ነበር።

ልጅቷ አኩርፋ ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ሰኞ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር የታጠፈች ወረቀት አመጣ።

«እማዬ፣ ጠረጴዛ ገዛሁ። ልብሱን ከነዳንቴሉ አንቺ ሥሪልኝ። ዙሪያው አራት ሜትር ከሰማንያ ነው።»

ወረቀቷ ላይ አድራሻም ስልክም የለም። ርዝመትና ወርድም የለም። ጥፋቱን በልጅቷ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እንደተማረችው መልሱን ብቻ ሰጥታለች።

ጠረጴዛው በአራቱም ጎን ሜትር ከሃያ ቢሆን ልኩ ይሞላል፤ አራት ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ይበላበታል። ርዝመቱ ሜትር ከሰማንያ፣ ወርዱ ስድሳ ሳንቲሜትር ቢሆንም ይሞላል። እንዲህ ያለው ግን ግድግዳ አስጠግተውት አንድ ሰው ግድግዳ እያየ የሚበላበት ነው።

«አይተሃታል?» አሉት ሾፌሩን።

«ትኬት ቆራጩ ነው የሰጠኝ፣ እትዬ። እኔ መንገድ እንጂ ሰው መቼ አያለሁ?»

«ከሰው ጋር ትሁን ብቻዋን አልነገረህም?»

«አልነገረኝም። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ እወስደዋለሁ። ትኬት ቆራጩ ጋ መጥታ ትቀበላለች።»

ጎረቤታቸው ዚፕ ቀያሪው ምክር አላጣም።

«ዳንቴሉን ቀጥ አድርገው ይላኩት፤ እሷ ታጥፈዋለች።»

«ማዕዘኑ ላይ ክር ጨምሬ ካላዞርኩት ይጨማደዳል።»

«እንግዲያው ክብ ያድርጉትና ይገላገሉ።»

«አንተ ዚፕህን ሳብ።»

ዛሬ ዓርብ ነው። ዳንቴሉ ስድሳ ሳንቲሜትር ላይ ደርሶ ኪሮሹ ቆሟል። እትዬ ዳንቴል ወረቀቷን ደግመው ዘረጉ፤ የልጃቸው ፊደል ዛሬም እንደ ልጅነቷ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሳቋ ምን እንደመሰለ፣ ማን እንደሚሰማው፣ ወረቀቷ አትናገርም። እዚህ ላይ ቢያጥፉ ልጃቸው ብቻዋን እንደምትበላ በገዛ እጃቸው መፍረዳቸው ነው። አልፈው ቢሠሩና ቢሳሳቱ ደግሞ፣ ትርፉ ጨርቅ በጠባቡ ጠረጴዛ ጎን ተንጠልጥሎ እናቷ ኑሮዋን እንደማያውቁ በየማዕዱ ያሳብቅባቸዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ኪሮሹ በእርስዎ እጅ ቢሆን፣ እዚህ ያጥፉ ነበር ወይስ ይቀጥሉ?