ሦስት ጠብታ ከፋኖሱ ዋሻ

ታምሩ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ጠባብ ሱቅ አለችው፤ የሚተዳደረውም በጆሮው ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሱት የከባድ መኪና ሾፌሮች ፍላሻቸውን እየሰጡት ዘፈን ይጭንላቸዋል። ከአሮጌ ካሴት የሚገለብጠውን ዘፈን ደግሞ እንደ ልብስ ያጥበዋል፤ ሹክሹክታውን፣ ሳሉን፣ የበሩን ሲጥሲጥታ አንድ በአንድ ያወጣለታል። ታምሩ ያጠበው ዜማ በረሃ ያሻግራል ሲሉት ያልሰማ ይመስላል እንጂ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ይውላል።

ባለፈው ክረምት፣ ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ንፋስ አቧራውን በየመስኮቱ እየበተነ ከተማውን እንደ ምድጃ ሲያግለው፣ ታምሩ ለአንድ ሰው ብሎ ከሁሉም የከበደውን ሥራ ጀመረ። ለጌቾ።

ጌቾና ታምሩ ድሬዳዋ አብረው ነው ያደጉት። ጌቾ ሾፌር ሆኖ ይህን የአዲስ አበባ ጅቡቲ መንገድ ዕድሜውን ሙሉ ነዳው፤ በኋላ ስኳር ያዘውና ዓይኑን ቀስ በቀስ ወሰደበት። አሁን ሃያብለ በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር፣ ከሚስቱ ከዘቢባ ጋር በሚኖርባት የቆርቆሮ ቤት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ሰው ሲመጣ “ተኝቷል በይ” ይላታል። ሬዲዮ ስትከፍት “ዝጊው” ይላል።

አንድ ቀን ዘቢባ ሱቁ ድረስ መጣች።

“ወንድም ታምሩ፣ ዓይኑ ቢሄድ እሱ አለልኝ ብዬ ነበር” አለችው። “አሁን እሱም እየሄደብኝ ነው።”

“ምንም አያወራሽም?”

“ትናንት ግን ብቻውን ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ስለ ውሃ ጠብታ ነገር። ምንድነው ስለው ‘ፋኖሱ’ ብቻ አለኝ።”

ታምሩ ስሙን ሲሰማ ሳቀ።

ልጆች ሳሉ በሰፈራቸው ጌም ቤት ውስጥ የሚራኮቱበት አንድ ጌም ነበር። ስሙ በጃፓን ፊደል ስለተጻፈ ማንም አላነበበውም፤ ፋኖስ ይዞ ከዋሻ ዋሻ የሚዘል ትንሽ ሰውዬ ስላለበት ፋኖሱ አሉት። አራት ዋሻ ነበረው፣ ለየዋሻውም የየራሱ ዜማ። ልጆቹ ታዲያ ዜማ ያለ ግጥም ቆሞ ማየት አልሆነላቸውምና ለሁሉም ግጥም አወጡለት። መቼ እንደሚዘለል የሚነግራቸውም ግጥሙ ነበር። የመጨረሻውን ዋሻ የገጠመው ጌቾ ነው፦

ገደሉን ተሻገር፣ ድንጋዩን ተደገፍ፤
ሦስቴ ጠብ ሲል ውሃው፣ ያን ጊዜ ነው ማለፍ።

ጌቾ እየዘፈነ ያልፋል። ታምሩ ግን ያንን ዋሻ አንድም ቀን አልፎት አያውቅም።

“ጠብቂኝ” አላት ዘቢባን። “ፋኖሱን እኔ አመጣለታለሁ።”

ጌሙን ከኢንተርኔት አገኘው። የዚህ ዓይነቱ ጌም ዜማ ሰው ተጫውቶ የቀዳው አይደለም፤ ይህን ድምፅ ያዝ፣ ያንን ልቀቅ እያለ ማሽኑን የሚያዝ ትእዛዝ ነው። ታምሩ ትእዛዙን ከጌሙ ሆድ እየነጠለ፣ ማንኛውም ስልክ ወደሚያጫውተው ተራ የዘፈን ፋይል ቀየረው። ያስቸገረው ማብቂያው ነው። ሰውዬው ዋሻ ውስጥ እስካለ ድረስ ዜማው እየዞረ ይደገማል፤ በራሱ የሚያልቀው አራቱም ዋሻ ሲታለፍ የሚሰማው የስንብት ዜማ ብቻ ነው። ታምሩ ሌሎቹን ሁለት ሁለት ዙር አስኬደና ጋራ ዞሮ እንደሚርቅ መኪና ቀስ እያሉ እንዲጠፉ አደረጋቸው። ዝላዩን፣ ውድቀቱን፣ ጠብታውን ሁሉ ትቶ ዜማውን ብቻ እንደ ብርጭቆ አጥርቶ አወጣ። ዜማዎቹን አንድ አልበም አድርጎም የፋኖስ ሥዕል ለጠፈበት።

ፍላሹን ሊያስሞላ የመጣው ሾፌር ጫላቸው ጆሮውን አቀና።

“ታሜ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?”

“የጌም ዜማ።”

ጫላቸው ጠበቀ፤ አሁንም ጠበቀ። “ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?”

“ዘፋኝ የለውም።”

“እና እስከ አዋሽ ማን ሊያጫውተኝ ነው? እንቅልፍ ልትጭንብኝ ነው እንዴ አንተ ሰውዬ!”

አርብ ከሰዓት፣ የዕለቱ ጫት ገብቶ ሰው ሁሉ ለመቃም ሲቀመጥና ከተማው ጸጥ ሲል፣ ታምሩ ሃያብለ ወጣ። ስልኩን ከጌቾ ትራስ አጠገብ አስቀምጦ ከፈተው።

የመጀመሪያው ዋሻ ሲጀምር ጌቾ ከግድግዳው ዞረ። ዘቢባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ። አራተኛው ላይ የጌቾ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ግጥሙ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ።

“ቆንጆ ነው” አለ ሲያልቅ። “እጅህ ይባረክ።”

“ግን?”

“ግን ሰው የለበትማ! ሲዘል አይሰማኝ፣ ሲወድቅ አይሰማኝ። ውሃውንስ የት ደፋኸው? ጠብታ በሌለበት እኔ መቼ ልለፍ?” ብሎ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ታምሩ ቅር ብሎት ወጣ። ያን ያህል ደክሞበት! አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ አልበሙን ራሱ ሰማው። እውነትም ቤቱ ተጠርጓል፣ ተወልውሏል፤ የሚኖርበት ግን የለም።

በሚቀጥለው አርብ ላፕቶፕና ጆይስቲክ ይዞ ተመለሰ። ስልኩን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቶ ወለሉ ላይ አኖረው።

“ማነው?” አለ ጌቾ።

“እኔ ነኝ። ልጫወት ነው የመጣሁት።”

“አንተ? ኧረ አቦ፣ ሰውዬውን አታስገድልብኝ!”

ታምሩ ጀመረ። ሰውዬው ሲዘል ጡ! ሲወድቅ ዷ! ማራገቢያው ቬንቲላተር ያጓራል፣ ቆርቆሮው በንፋስ ይንጫጫል። ጌቾ ጀርባውን እንደሰጠ ያዳምጥ ነበር፤ ግን እስከ መቼ?

“ዘለልክ እንዴ? ቸኮልክ! ሞተ! ዘቢባ፣ ይሄ ሰውዬ እጁ አሁንም ሊጥ ነው!”

ዘቢባ ከት ብላ ሳቀች። እንዲህ ሲጮህ ከሰማችው ቆይታለች። ታምሩ እየወደቀ፣ እየተሰደበ፣ ሦስቱን ዋሻ አለፈ። አራተኛው ላይ ታምሩ ወደቀ፤ ደግሞም ወደቀ። ጌቾ አልጋው ላይ ተቀምጦ እጁን ዘረጋ።

“ስጠኝ!”

“እንዴት አድርገህ...”

“ስጠኝ አልኩህ። አንተ ድንጋዩ ጋ ስደርስ ብቻ ንገረኝ።”

ጣቶቹ ቁልፎቹን ዳበሱና አወቋቸው። ግጥሙን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘው።

“ድንጋዩ ጋ ነህ” አለ ታምሩ በሹክሹክታ።

ጠብ። ጠብ። ጌቾ ቸኩሎ ዘለለ፤ ዷ! “ሊጡ ተጋባብኝ!” ብሎ ሳቀና እንደገና ያዘ። ጠብ። ጠብ። ጠብ። ዘለለ።

የስንብቱ ዜማ ከላፕቶፑ ፈሰሰ፤ በራሱ ጊዜም አለቀ። ጌቾ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ እንደያዘ፣ በዚያው ዜማ፣ ያልነበረ ስንኝ አወጣ፦

ዓይኔ ጓደኛዬ መንገድ ላይ ጥሎኝ፣
ጆሮዬ ሆነ ወይ ቤት የሚያደርሰኝ።

ታምሩ ሱቁ ተመልሶ ቅጂውን ሲከፍት እጁ እንደ ልማዱ ወደ እጥበቱ ሄደ። ቬንቲላተሩ አለ፣ ቆርቆሮው አለ፣ የዘቢባ ሳቅ አለ፣ ስድቡ አለ። ቢያጥበው ይጠራል። ትንሽ አሰበና እጁን አነሳ። ንጹሁን አልበም አጥፍቶ ይህንን እንዳለ በቦታው ጫነው።

ጫላቸው ከጉዞው ተመልሶ ሲመጣ ዜማው ሱቁን ሞልቶት ነበር።

“አሁንም ይሄው ነው? ዘፋኙ...” ብሎ ጀምሮ አቋረጠው። ጆሮውን ወደ ድምፁ አስጠጋ። “ይሄ የኛ ጌቾ አይደለም እንዴ? ሰው አይፈልግም ሲሉኝ እኮ ነው የቀረሁት! ሰላም በልልኝ በሞቴ።”

“እኔ አልልልህም” አለ ታምሩ ፍላሹን እየነቀለ። “አርብ አብረን እንሄዳለን። ብቻ ስትጫወት አትቸኩል፤ ይሳደባል።”