አህያ ካላናፋች አትለቅም

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት መድኃኒት ስሸጥ የኖርኩ ሰው፣ ወሰን ሰፈር አስፋልት ዳር አንዲት አህያ ፊት ቆሜ «እባክሽ አናፊ» ብዬ ለምኛለሁ። ሰፈሩ እስካሁን የሚስቀው በዚህ ነው። እኔ ግን ቀኑን የማልረሳው በሌላ ምክንያት ነው።

ወሰን ውስጥ አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። ደንበኞቼ ዶክተር ይሉኛል። አለመሆኔን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እነግራቸው ነበር፤ ኋላ ደከመኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደስ እያለኝ መጣ። ይበልጥ የምታወቀው ሽሮፕ አልወስድ ስላሉ ልጆች በምሰጠው ምክር ነው። «አገጩን ያዢው፣ በጉንጩ በኩል ጠብ አድርጊለት፣ ጨከን በይ» እላለሁ። «ትልቁ ማነው? አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?» እያልኩ ያሳፈርኳቸው እናቶች ብዙ ናቸው።

እግዜር ታዲያ ሲፈርድ እስስት ላከብኝ።

የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ሜሮን ናት ያመጣቻት። ከጓደኞቿ ጋር እንጦጦ ወጥታ ስትመለስ ከመንገድ ዳር አግኝታ በሹራቧ ጠቅልላ ገባች። እንስሳዋ ለእያንዳንዱ እርምጃ ስብሰባ የምትጠራ ስለምትመስል እትዬ ዝግታ የሚል ስም አወጣችላት። ሚስቴ አማተበችና እስስቷ ያለችበት ክፍል እግሯ እንደማይረግጥ አስታወቀች። በቃሏም ጸናች። እኔ ከአንድ ሳምንት አያልፍም ብዬ ዝም አልኩ። ሜሮን ግን የመስኮቷን ጥግ በቅርንጫፍ ሞልታ፣ ፌንጣ እየለቀመች ትቀልባት ጀመር፤ እትዬ ዝግታም ቤተኛ ሆነች።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ እግሮቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ቅርንጫፍ መጨበጥ አቅቷት ሁለት ጊዜ ወደቀች። የእንስሳት ሐኪም የሆነ ወዳጄ መጥቶ አያትና አጥንቷ እየለሰለሰ መሆኑን ነገረን። ፈሳሽ ካልሲየም፣ በቀን ሁለት ጠብታ እንድንሰጣት አዘዘ። «ይህን ካልወሰደች መስከረምን አታይም» አለን።

ሜሮን ወደኔ ዞረችና «ለዚህማ አባዬ አለ» አለች። ያን ስሰማ ደረቴ ነፋ ብሏል፤ አልዋሽም።

እንዳልረበሽ ብዬ ሜሮንን ከበር ውጭ አስቁሜ ሥራዬን ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ዝግታ አፏን ገጥማ አንድ ዓይኗን ወደኔ፣ ሌላውን ወደ ጣሪያው አደረገች። ካልሲየሙ እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ። በሁለተኛው ቀን በንዴት ጠቆረች። በሦስተኛው ቀን ፉ ስትልብኝ ጠብታ ማድረጊያውን ጥዬ ወጣሁ። ሜሮን በር ላይ ደብተር ይዛ ትጠብቀኛለች።

«ዋጠች?» አለችኝ።

«ዋጠች» አልኳት።

የመጀመሪያም ቀን ያልኳት ይህንኑ ነው። እሷም በየቀኑ ደብተሯ ላይ ራይት ታደርጋለች። በአምስተኛው ቀን አምስት ራይት ተደርድሯል፤ እስስቷ ሆድ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አልገባችም። ዶክተር መባል የለመደ ሰው «አቃተኝ» ማለት ይከብደዋል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለኔ ነው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ከቅርንጫፉ ሥር ወድቃ አገኘኋት። ያኔ ደነገጥኩ። ሜሮን ወደ ክረምት ትምህርቷ እንደሄደች በጫማ ካርቶን አድርጌ ወደ መድኃኒት ቤቴ ወሰድኳት። እዚያ ቀጭን ሲሪንጅ አለ፣ ጥሩ ብርሃን አለ፣ ዶክተርነቴም ያለው እዚያ ነው።

ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳትና እናቶችን እንደምመክረው አገጯን ይዤ ጨከን አልኩ። አፏን ከፈተች። ደስ ብሎኝ ሲሪንጁን ሳስጠጋ ሌባ ጣቴን ግጥም አድርጋ ነከሰችኝ።

ያን ያህል አላመመኝም። ችግሩ አልለቅ ማለቷ ነው። ልጎትታት ብል ደግሞ ያ የለሰለሰ መንጋጋዋ ይሰበራል ብዬ ፈራሁ። እዚያው ተገትሬ ሳለሁ አንዲት ደንበኛዬ ልጅ አዝላ ገባች። ጣቴ ላይ የተንጠለጠለውን አይታ «በስመ አብ» ብላ ወጣች፤ ወዲያውም ከጎኔ ካለው ጋራዥ መካኒኩን ከድርን ይዛ ተመለሰች።

ከድር የእጁን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ ጎንበስ ብሎ መረመረኝ። «ዶክተር፣ እንዳትጎትታት» አለ። «እስስት ከነከሰች አህያ ካላናፋች አትለቅም።»

«አንተም በዚህ ታምናለህ?»

«የኔን ማመን ተወው። ጣቱ ያንተ ነው።»

ልጅ ሆኜ እኔም ሰምቼዋለሁ። ተረት መሆኑንም አውቃለሁ። ግን አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አሥር ደቂቃም አለፈ። ከድር ከደጅ «አህያ መጣች» ሲል ከባንኮኒው ኋላ ተስፈንጥሬ የወጣሁት እኔው ነኝ፤ ማንም አልገፋኝም።

የእማማ ብርቄ አህያ ናት። እማማ ብርቄ ከላይ ከጫካው ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭነው በየጊዜው በደጄ የሚያልፉ አሮጊት ናቸው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭነቱ ገና ይንጠባጠባል። ከድር ነገሩን አስረዳቸውና አህያዋን ለማስናፋት ትግል ተጀመረ። የተሰበሰቡት ሰዎች ጆሮዋን አከኩላት። አፍንጫዋን ነካኩ። በመጨረሻ ከድር ራሱ አናፋላት፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ አሳምሮ ነው ያናፋው። አህያዋ ግን ዝም ብላ ታየው ነበር። የታክሲ ረዳት ሳይቀር «መገናኛ» ማለቱን ትቶ ቆመ። «እባክሽ» ያልኩት ያኔ ነው።

ቀና ስል ሜሮን ቦርሳዋን እንዳነገተች ከሰዉ መሐል ቆማለች። አስተማሪዋ ስለቀረች ቀድማ ተመልሳለች። ያየችው ጣቴን አይደለም፤ የእትዬ ዝግታን እግሮች ነው።

«አባዬ፣ በደንብ እየዋጠች ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«አንድም ቀን አልዋጠችም» አልኳት። «ዋሽቼሽ ነው።»

አህያዋን ስለምናት ያላፈርኩት ሰውዬ እዚህ ላይ የምገባበት ጠፋኝ። ሜሮን ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

እማማ ብርቄ እኔንም እሷንም አዩንና «ምን ልታስውጣት ነበር?» አሉኝ።

«መድኃኒት ነው እማማ። አልቀበል አለችኝ።»

«በግድ? ልጄ፣ ይቺ እኮ ከሰው እጅ አትጠጣም። እዚያ ጫካ ስንት ዘመን አየኋት። ጠዋት ጠዋት ከቅጠል ላይ ነው ጤዛ የምትልሰው።»

ይህን ብለው ከጭነቱ ውሃ ያዘለ ቅርንጫፍ መዘዙ። እሳቸውም እስስት ይፈራሉ፤ ፊታቸውን አዙረው፣ ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው አፏ ዘንድ ያዙላት። የእትዬ ዝግታ አንድ ዓይን ወደ ቅጠሉ ዞረ። ቆይቶ ሌላውም ዞረ። ከዚያ ጣቴን ለቀቀችና አንድ እግር፣ ሌላ እግር እያለች ወደ ቅርንጫፉ ተሻግራ ውሃውን መላስ ጀመረች። ሜሮን ሲሪንጁን ከእጄ ወስዳ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ሁለት ጠብታ አስቀመጠች። እሱንም ላሰችው።

አህያዋ ያናፋችው ይሄኔ ነው።

«አላልኩህም?» አለ ከድር። ሰዉ አጨበጨበ። ከለቀቀች በኋላ ነው ያናፋችው ብል የሚሰማኝ አጣሁ፤ ወሰን ላይ ዛሬም ምስጋናው የአህያዋ ነው።

እትዬ ዝግታ መስከረምን አየች፤ አሁን ቅርንጫፏን ጨብጣ ትውላለች። እማማ ብርቄ በደጄ ሲያልፉ እርጥብ ቅጠል ያቀብሉኛል። ሽሮፕ አልወስድ ያለ ልጅ ሲመጣብኝ ደግሞ እናቱን «ለመሆኑ ምን ይወዳል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዶክተር ዘንድሮ ለዘብ ብሏል ይሉኛል።

ሜሮን ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን አምስቱን ራይቶች በላጲስ አጥፍታ፣ መቁጠሩን እንደ አዲስ ጀመረች። በካልሲየሙ ጠርሙስ ላይም እኔ መድኃኒት ላይ እንደምለጥፈው ያለ ወረቀት ለጠፈችበት። «በቀን ሁለት ጠብታ፣ በቅጠል ላይ» ይላል። ከሥሩ «አባት ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ» የሚል አለበት።

ወረቀቱን እስካሁን አላነሳችውም። እኔም አንሺው ብዬ አላውቅም።