የኤሚሊ ቤት ሳህን

ባለፈው ወር እማዬ ስካይዌይ ከሚባለው የድሮ ሰፈራችን ወደ ኬንት ስትዛወር ዕቃ የማሸጉ ሥራ የእኔ ሆነ። ከቁም ሣጥኑ ግርጌ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለው ሳህን አገኘሁና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አውቀዋለሁ፤ የኤሚሊ ቤት ሳህን ነው። ከሥሩ ግን ልክ እሱን የመሰሉ አምስት ሳህኖች ነበሩ።

ልጅ እያለሁ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ጀማል ስኮላርሽፕ አግኝተን ነጮች የሚበዙበት የግል ትምህርት ቤት ገባን። ጥቁር ልጆች በጣት የምንቆጠር ነበርን። ጀማል ወር ሳይሞላው ታዋቂ ሆነ። ኳስ ሲወረወርለት ዓይኑን የሚጨፍን ልጅ፣ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ለቅርጫት ኳስ ቀድሞ ይመረጥ ነበር። ልደት በመጣ ቁጥርም ይጠራል። እኔን ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ሹሩባዬን እየነካኩ "ሶ ኪዩት!" ይሉኛል፤ የልደት መጥሪያ ካርዱ ሲታደል ግን እኔን ዘሎ ያልፋል። ሴቶቹ የሚወዳጁት አንዷ ሌላዋ ቤት እያደሩ ነበር፤ እማዬ ደግሞ "ሴት ልጅ ሰው ቤት አታድርም" ባይ ናት። ምሳዬን ለብቻዬ ስበላ ከረምኩና አንድ ቀን "የሰፈር ትምህርት ቤት አስገቡኝ" ብዬ እማዬ ፊት አለቀስኩ።

ያን ቅዳሜ ጀማል የጓደኛው የኬቨን ልደት ላይ ዋለ። የኬቨን እህት ኤሚሊ የእኔ ክፍል ልጅ ናት። በማግስቱ እማዬ ባለ አበባውን ሳህን ሳምቡሳ ሞልታ አስታቀፈችኝ።

"ጀማል ትናንት ኬክ ያመጣበት ነው። የሰው ሳህን ባዶ አይመለስም፤ ነይ እናድርስ።"

"ለምን እሱ አይወስድም?"

"እሱማ ይሰብረዋል። ተነሺ!"

በሩን ኤሚሊ ከፈተችልን። እናቷ ሳህኑን ትኩር ብላ አየችው፤ ቀጥላ እማዬን አየቻት፤ ከዚያ ፈገግ ብላ አስገባችን። ኤሚሊ ቃሪያው እያስነባት፣ እየሳቀች ሦስት ሳምቡሳ ጨረሰች። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ ቦታ ይዛ ጠበቀችኝ። በሳምንቱ ሳህኑ ኩኪስ ተሞልቶ እኛ ቤት መጣ፤ እማዬ ደግሞ ሞልታ መለሰችው። እንዲህ ሲመላለስ ዓመቱ አለቀ። ትምህርቴንም እዚያው ጨረስኩ።

ስድስቱን ሳህኖች ፊቴ ደርድሬ ጀማልን ኮል አደረግኩት። "ከኬቨን ልደት ኬክ በሳህን ይዘህ መጥተህ ነበር?"

"ኖ! እኔ እኮ እዚያው ነው የጨረስኩት" አለና ሳቀ።

ዞር ብዬ እማዬን አየኋት። ጋዜጣውን እያጣጠፈች "ታዲያ ባዶ እጅሽን ሰው ቤት ልውሰድሽ ኖሯል?" አለችኝ። የኤሚሊም እናት የራሷ ሳህን እንዳልሆነ ያን ዕለት አውቃ ዝም ብላለች። ለሁለቱም አላህ ውለታቸውን ይክፈልልኝ።

ዛሬ ልደት የሚጠራው በስልክ ነው፤ እኛን የሚመስሉ ልጆችም ከያኔው በዝተዋል። ሆኖም ትናንት ልጄ ምሳዋን ለብቻዋ እንደበላች ነገረችኝ። እማዬ ከሰጠችኝ ከስድስቱ አንዱን ከመደርደሪያ አውርጄ አጠብኩና ሳምቡሳ ደረደርኩበት።

"ሁዝ ፕሌት ኢዝ ዛት?" አለችኝ።

"የሰው ነው" አልኳት። "ባዶ አይመለስም። ጫማሽን አድርጊ።"