ኦሞድ ከጀልባዋ የወረደ ዕለት

እናንተ ሁለታችሁ ሰኞ ጀልባ ይዛችሁ ለአደን ባሮ ወንዝ ልትወርዱ ስለሆነ ይህን ሳልነግራችሁ አልለቃችሁም። ሞተሩን ሠርቼላችኋለሁ፤ እሱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ውሃው ነው።

ወሩ የካቲት ነበር። በየካቲት ባሮ ይጎድላል። ክረምት ላይ ሰው የሚውጠው ወንዝ አንዳንድ ቦታ ጉልበት አይደርስም፤ አሸዋው ከሥር እየተጓዘ ትናንት ያለፋችሁበትን መንገድ ዛሬ ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ሥራዬ ጀልባ መንዳት ነበር፤ ይህን ጋራዥ እዚህ 18 ማዞሪያ የከፈትኩት በኋላ ነው። አንድ አዞ ውሃ ልትቀዳ የወረደች እናት ወሰደና እንዲገደል ፈቃድ ወጣ። እዚሁ ከተማ፣ ቤቴል ሰፈር የሚኖሩት አዳኝ ጋሽ ሽመልስ ተጠሩ፤ እሳቸውም እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ሦስተኛችን የአገሩ ልጅ፣ ዓሣ አጥማጁ ኦሞድ ነበር። ረጅም ዘንግ ይዞ ከፊት ይቆምና ጥልቀቱን እየለካ መንገድ ያሳየኛል። ውሃው ላዩ ሲንቀጠቀጥ ከሥሩ አሸዋ እንዳለ፣ ለስለስ ብሎ ሲጠቁር ጥልቅ እንደሆነ ያስተማረኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አዞውን አሸዋ ላይ ተኝቶ አገኘነው። ጋሽ ሽመልስ ለመተኮስ ጀልባዋ እንድትረጋላቸው ፈለጉ። ገመድ ሲያጥር መልሕቅ ይነቀላል፤ ሲረዝም ነው አሸዋውን የሚነክሰው። ይህን አውቃለሁ። ግን አዞው ሳያመልጠን ብዬ ቸኮልኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ፊት ሄድኩና መልሕቁን ራሴ ጣልኩ፤ ሦስት ክንድ ያህል ለቅቄ አሰርኩት።

«ጨምር» አለኝ ኦሞድ በሹክሹክታ።

«ይበቃል» አልኩት።

ጋሽ ሽመልስ ሲተኩሱ ጀልባዋ ተንሸራተተች። አንገቱን ሊመታው የሚገባው ጥይት ጎኑን መታው፤ አዞው ተገልብጦ ውሃ ውስጥ ገባ። ጀልባዋም መልሕቁን እየጎተተች ሄዳ በጎኗ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። ሞተሩን ባስነሳው ፕሮፔለሩ አሸዋ ቆፍሮ ቀጥ አለ። ጋሽ ሽመልስ አዞው እስኪታይ ማንም እንዳይወርድ ተናገሩ። ጅረቱ ግን ጀልባዋን ከጎን እየገፋ ሊገለብጣት ነው፤ ውሃ ይገባባት ጀመር። ኦሞድ ዘንጉን አስቀመጠ።

«ሞተሩን ወደ ላይ አንሳ፤ እኔ እገፋለሁ» ብሎ ወረደ።

ውሃው ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ይላል። አንዴ ሲገፋት ነቅነቅ አለች። ሁለተኛ ሲገፋ ፊቱ ተለወጠ። እጁን ያዝኩት፤ አዞው ጭኑን ነክሶ ወደ ጥልቁ ይጎትተዋል። ጋሽ ሽመልስ ኦሞድን እንዳይመቱት ፈርተው፣ ጎንበስ ብለው አፈሙዙን የአዞው ጭንቅላት ላይ አስጠግተው ተኮሱ። ለቀቀው።

ወደ ውስጥ ሳብነው። ጋሽ ሽመልስ ጭኑን በቀበቷቸው አሰሩት፤ ደሙ ግን አልቆመም። ጀልባዋም አልተነሳችም። አንዳችን መውረድ ነበረብን። አዞው ይሙት አይሙት አናውቅም፤ ሌላ ይኑር አይኑርም አናውቅም። ወረድኩ። እግሬ አሸዋውን ሲነካ የተሰማኝን ለባለቤቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ትከሻዬን አስጠግቼ ገፋሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ተነሳች።

ስንመለስ ኦሞድ ጀልባዋ ወለል ላይ ተጋድሞ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ዳርቻውን ያያል። «በግራ ያዝ፤ በቀኝ አሸዋ ነው» ይለኛል። ድምፁ እየደከመ ሁለት መታጠፊያ አሳለፈን። ከተማው ሳይታይ ሞተ።

አዞው በማግስቱ ሞቶ ተገኘ። ጋሽ ሽመልስ ለኦሞድ አባት ሊነግሩ ፈልገው ነበር፤ እኔ እነግራለሁ አልኩ። ገመዱን እንዳሳጠርኩት፣ ልጃቸው ጨምር እንዳለኝ፣ እንዳልሰማሁት ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን፣ «ጀልባ ለሚነዱት እንዲህ አድርገህ ንገራቸው፤ የራስህን ጥፋት ሳትቀንስ» አሉኝ።

ስለዚህ ገመዱን የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ልቀቁ፤ አደኑ ቢያመልጣችሁ ያምልጣችሁ። ከፊት የቆመው ሰው ሲናገር እጃችሁን አቁማችሁ ስሙት። እኔ ከዚያ ወዲህ ጀልባ አልነዳሁም። ውሃውን ፈርቼ አይደለም። ሰው ፊት ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በእጄ ሲታመን ማየት አልችልም።