የኩርኩም ሕጌና ጋሽ ተሾመ

ትናንት ከሰዓት... ክፍል ውስጥ የሠራሁት ሥራ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው የምጽፍላችሁ። ስድባችሁን ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ ይገባኛል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ተማሪዎቼ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ናቸው። ከመሀላቸው ግን አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ጋሽ ተሾመ። አንኮበር መንገድ ላይ ለሚያልፉ ፈረንጆች የበግ ፀጉር ምንጣፍ ይሸጣሉ። «እጄን እያወራጨሁ መሸጥ ሰለቸኝ» ብለው ነው ከልጃቸው ከመሠረት ጋር የተመዘገቡት። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያጠኑ ሳይ እንዴት ደስ እንደሚለኝ!

ሰሞኑን አንዲት ባለ ሆቴል ሴትዮ ደውለው «እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ላክልኝ» አሉኝ። በልቤ መሠረትን ይዣለሁ። ያው ለወጉ ልፈትን ብዬ፣ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ትርጉማቸው የሚለያይ ቃላትን ሰሌዳው ላይ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ጻፍኩ። «ዊክ» ሳምንትም ነው፣ ደካማም ነው። «ሰን» ፀሐይም ነው፣ ወንድ ልጅም ነው። የሚለዩት ሲጻፉ ነው።

ክፍሌ ደግሞ ሁላችሁም ከልጅነታችሁ የምታውቁት ሕግ አለው... የመለሰ፣ ያልመለሰውን ይኮረኩማል። ለሳቅ ብዬ ነው ያመጣሁት፣ ወጣቶቹም ወደውታል።

ጋሽ ተሾመን «ሳምንት የቱ ነው?» አልኳቸው። ደካማውን ጠቆሙ። ክፍሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ።

«እሺ መሠረት፣ አንቺ አሳዪን!»

አንገቷን ደፋች። «አላውቀውም ቲቸር።»

ፀሐይን ጠየቅኩ። አባትየው ተሳሳቱ፣ ወደ እሷ ዞርኩ። «አላውቀውም።» ሁለቱም «ፍላወር» የሚባሉትን አበባና ዱቄትን አመጣሁ። አሁንም «አላውቀውም።»

ወገን፣ ደሜ ፈላ። ስንት የለፋሁባት ልጅ! አፌን ምን እንደነካው እንጃ፣ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው «ለካ አንቺም እንደ አባትሽ ነሽ!» አልኳት። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ለሴትዮዋ ደወልኩና ሰላም የምትባለውን ሌላዋን ተማሪዬን ነገርኳቸው። መሠረት ቀና አላለችም።

ሰዉ ሲወጣ ጋሽ ተሾመ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። «ቲቸር፣ እንዳይቀየሙኝ... እኔ ልውጣና አሁን ይጠይቋት።»

«ለምን?»

«ከመለሰች መኮርኮም አለባት አይደል? ታዲያ ልጄ እኔ ላይ እጇን ታነሳለች እንዴ?»

ክው አልኩ። እሳቸው ወጥተው በሩን ዘጉ። ጠየቅኋት። እንባዋ እየወረደ አንድም ሳትስት ሁሉንም አሳየችኝ።

«ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

«ከነገርኩህማ አባቴ "ግድ የለም፣ ኮርኩሚኝ" ይለኛል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለሴትዮዋ መልሼ ደወልኩ። «ውይ! ሰላምን እኮ ነገ ሥራ ግቢ ብያታለሁ። አሁን እንዴት አድርጌ ቅሪ እላታለሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰላምስ ምን አጠፋች?

ዛሬ ክፍል እንደገባሁ መጀመሪያ ሕጉን ሻርኩ። መሠረት መጥታለች። ከጎኗ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው።

«ጋሽ ተሾመስ?»

«"እኔ አጠገብሽ ካለሁ አፍሽ አይፈታም" ብሎ ቀረ።»

«ሕጉ እኮ ቀርቷል! ንገሪያቸዋ!»

«አባቴን አታውቀውም ቲቸር። ለኔ ከሆነ ብሎ አንዴ ከቆረጠ...»

እኔ ለሳቅ ባመጣሁት ሕግ ልጅቷ ሥራ አጣች፣ አባትየው ትምህርት አቋረጡ። የሳቅነው እኛ ነን።

ነገ ጠዋት ምንጣፍ ወደሚሸጡበት እሄዳለሁ። በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ኮፍያዬን አውልቄ አናቴን እሰጣቸዋለሁ... ብቻ ይኮርኩሙኝና ይመለሱልኝ።