ያልተነካው የጎማ ጠርዝ

በእኛ ሰፈር ጎማው የተነፈሰበት ሁሉ የሚሮጠው ወደ ጎሚስታው ነው። ሱቁ አንድ በር ያላት ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ እስከ ጣሪያው በአሮጌ ጎማ ተሸፍኗል፣ ደጃፏ ላይ ቀዳዳ የሚፈለግበት የውሃ ገንዳ አለ። ደንበኛ ሲመጣ ጎሚስታው ጎማውን በመዳፉ ዳበስ ያደርግና፣ «አንተ ፍሬን ላይ ተኝተህ ነው እንዴ የምትነዳው?» ይለዋል። ሰውየው ያፍራል፣ እሱ ይስቃል። ቤቱን የሚወድ፣ ነገር የማይፈልግ ሰው ነው። በሥራው ብቻ ትንሽ ይኮራል።

የልብ ወዳጁ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጸጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ «መቀስ» ይለዋል። መቀስን ሞተር መንዳት ያስተማረው ጎሚስታው ነው፤ እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ ሲንገዳገድ ከኋላው እየሮጠ ወንበሩን ይዞለታል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱም ሱቃቸውን ይዘጉና ለጥቂት ቀናት ወደ ተራራው ይወጣሉ። ጎሚስታው ይመራል፣ መቀስ ይከተላል። የጎሚስታው የዓመት ደስታው ይህቺ ናት።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ገና ከደጃፍ ተበላሸ። ሻንጣቸውን ሞተሩ ላይ ሲያስሩ የጎሚስታው ሚስት፣ «መቀስ እኮ መንገዱን እንደ ጸጉር ነው የሚያበጥረው! የኔው ደግሞ እንቁላል የጫነ ይመስል…» አለች።

«እንግዲያው ከሱ ጋር ሂጂ!» አላት።

መቀስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባልየው አልሳቀም።

የመጀመሪያው ቀን ዳገት አጋማሽ ላይ መቀስ ጥሩምባውን ጢጥ አደረገና አለፈው። ኩርባው ጋ ሲደርስ ሞተሩን ወደ ጎን አዘነበለ፣ ትከሻውን ቀለስ አደረገ፣ ከዚያ ውሃ በቦይ እንደሚወርድ ታጥፎ ተሰወረ። ጎሚስታው ግን ኩርባ በመጣ ቁጥር ፍሬን ይይዛል፣ እንደ እንጨት ቀጥ እንዳለ ይዞራል። ጫፍ ላይ ሲደርስ መቀስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ይጠብቀው ነበር።

«ምነው ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ዘመድ አገኘህ እንዴ?»

«ያንተ ሞተር ጉልበት አለው።»

«አሃ፣ ሞተሩ ነው!» አለና መቀስ ብርቱካኑን ከፍሎ ሰጠው። ጎሚስታው በላው። አልጣመውም።

ያን ቀን መንገድ ዳር ባለ ማረፊያ አደሩ። ጠዋት ጎሚስታው እንደ ልማዱ የእግር ፓምፑንና የንፋስ መለኪያውን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ከመነሳታቸው በፊት የሁለቱንም ጎማ የሚያየው እሱ ነው። መቀስ የራሱን ጎማ ነክቶም አያውቅ። ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አስተያየ። የመቀስ ጎማ ከመሃሉ እስከ ዳሩ እኩል ተበልቷል። የራሱ ግን ያለቀው መሃሉ ብቻ ነው፤ ጠርዙ ላይ አዲስ ጎማ ይዞት የሚመጣው የላስቲክ ጸጉር እንኳ አልረገፈም። ትርጉሙን ለደንበኛ ሁሉ ሲያስረዳ ኖሯል። ደፍሮ የሚያዘነብል ሰው ጎማውን እስከ ዳር ይጨርሰዋል፣ የሚፈራ መሃሉን ብቻ ይበላዋል። ከእንግዲህ በሞተር ጉልበት ማመካኘት አይችልም።

«እኔው ያስተማርኩት!» አለ በሆዱ። ቅናቱ አንገበገበው።

ፓምፑን የመቀስ የኋላ ጎማ ላይ ሰክቶ መርገጥ ጀመረ። መለኪያው ልኩን አሳየ፤ እግሩ ግን አልቆመም። «ትንሽ ቢያንሸራትተው ምናለ? ቀስ ይላል» እያለ ረገጠ። ከልክ ያለፈ ንፋስ የያዘ ጎማ መሬት እንደማይጨብጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የቫልቩን ክዳን ጠምዝዞ ዘጋ።

መቀስ እያፏጨ መጣ። «እህሳ ዶክተር፣ በሽተኞቹ እንዴት አደሩ?»

«ደህና ናቸው።»

«አንተ እያለህልኝ ምን ቸገረኝ!» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ቁልቁለቱን ተያያዙት። አስፋልቱ ጉም ነክቶት ረጥቧል፤ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው ገደል ነው። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የመቀስ የኋላ ጎማ ሸርተት ብሎ ተመለሰ። ጎሚስታው ከኋላ ሆኖ አየ፤ «ይበለው» የሚል ነገር ውስጡ ሽው አለ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ግን ሞተሩ ወደ ገደሉ አፍ ሸሸ፣ መቀስ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ለጥቂት ተረፈ። ጎሚስታው ጥሩምባውን ተጭኖ አልለቅ አለ።

መቀስ ዳር ይዞ ቆመ። «ምን ሆንክ? ቤት ተቃጠለ?»

ጎሚስታው ወርዶ የኋላ ጎማው ሥር ተንበረከከ፣ ክዳኑን ፈትቶ ቫልቩን በጥፍሩ ተጫነ። ንፋሱ እየፏጨ ወጣ።

«ንፋስ አብዝቼበታለሁ።»

«ማን፣ አንተ?»

«እኔ።»

«አንተ በንፋስ ተሳሳትክ?»

«አልተሳሳትኩም» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሥራውን አያውቅም ከምባል ቅናተኛ ብባል ይሻለኛል ሊል ምንም አልቀረውም። ቀና ብሎ የወዳጁን ፊት አየ። መቀስ ከመገረም በቀር አንዳች ጥርጣሬ አልነበረበትም። ቃሉን ዋጠው።

«አዎ፣ ተሳሳትኩ።»

መቀስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ሰፈር እንግባ ብቻ! የማላወራለት ጭንቅላት አይኖርም! በል አሁን አንተ ምራ፤ ፊትህ አመድ መስሏል።»

ጎሚስታው መራ። ጥቂት ኩርባዎች እንዳለፉ ግን በመስታወቱ ሲያይ፣ መቀስ እንዳይቀድመው ብሎ ፍሬን እየያዘ ይከተለዋል። ይሄ ከመቀደሙ ይልቅ አንጀቱን አቆሰለው። ዳር ያዘና እጁን አወዛወዘ።

«እለፍ ባክህ! እለፍ!»

መቀስ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ፣ እንደ ትናንቱ ታጥፎ ወረደ። ጎሚስታው እስኪሰወር በጎሪጥ አየው። የኋላ ጎማው መሬቱን ጨብጦ እንደሄደ ካረጋገጠ በኋላ ማርሽ አስገብቶ ተከተለው።